የጃፓን የግል ትምህርት ቤት ስትመርጡ ምሳውን ማን እንደሚያበስል ጠይቁ

ልጄ አራተኛ ክፍል የገባች ሰሞን ከየትምህርት ቤቱ የለቀምኩት ብሮሹር የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ሞልቶት ነበር። አንድ ማታ ተቀምጬ ሁሉንም አነበብኩ። ሁሉም የሚለው አንድ ነው፤ ነጻነት፣ ራስን መቻል፣ ለዓለም የሚተርፍ ሰው። ፎቶውም ያው ነው፤ የቼሪ ዛፍ ሥር ቆመው የሚስቁ ልጆች። መጀመሪያው ገጽ ላይ «ኬንጋኩ ኖ ሴይሺን» የሚል ርእስ አይቀርም፤ ትምህርት ቤቱ የተመሠረተበት መንፈስ ማለት ነው። ከሥሩ የመሥራቹ ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ ከፎቶው ሥር መፈክር፣ ገጹን ስትገልጡ ደግሞ ስንት ልጅ የት ዩኒቨርሲቲ እንደገባ የሚያሳይ ሠንጠረዥ። የወላጅ ዓይን የሚሮጠው ወደ ሠንጠረዡ ነው። የእኔም እንደዚያው ነበር።

ሁለት ዓመት ስዞር ከከረምኩ በኋላ ግን ሐሳቤ ተገለበጠ። ሠንጠረዡ የሚነግራችሁ ትምህርት ቤቱ ምን ዓይነት ልጆችን መርጦ እንዳስገባ ነው። ልጃችሁ ስድስት ዓመት እንዴት ውላ እንደምትገባ የሚነግራችሁ ያ የዘለላችሁት ገጽ ነው፤ ግን እንደተጻፈ አይነበብም። መሥራቹ ያሰበው ነገር ዛሬ በእጅ የሚዳሰስ ምን ሆኖ እንደቀረ መጠየቅ ያስፈልጋል። ምሳ ማን ያበስላል? መምህሩ ምን ተብሎ ይጠራል? ደንቡን ማን ያወጣል? የመግቢያ ፈተናው ምን ይጠይቃል? ለእነዚህ መልስ ካለ መንፈሱ አለ። ከሌለ የቀረው ፎቶው ብቻ ነው።

ካትሱሺካ ወረዳ ዮትሱጊ አካባቢ ብዙ ሐበሻ አለ፤ ልጆቻችንም እያደጉ ነው። በእንቁጣጣሽ ዝግጅት ላይ አንድ ወንድሜ «እትዬ፣ ልጁን የት ላስገባው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ በዚያ ጫጫታ መሐል በቅጡ አልመለስኩለትም። ይህ የዘገየው መልስ ነው። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ የጃፓንን የንጉሥ ዘመን ወደ አውሮፓ፣ የአውሮፓን ወደ እኛ መመለስ ጭንቅላት ያዞራል።

መጀመሪያ ሥርዓቱን ባጭሩ። ከ1947 ወዲህ የጃፓን ትምህርት ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሦስት ዓመት መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ፣ ሦስት ዓመት ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ዓመታት ግዴታ ናቸው። ስመ ጥር የግል ትምህርት ቤቶች ሁለቱን ሦስቶች አጣምረው ስድስት ዓመት በአንድ ግቢ ያስተምራሉ። ስለዚህ ዋናው ፈተና ያለው ልጁ 12 ዓመት ሲሞላው ነው። ለእሱ ሲባል ብዙ ልጆች ከሦስተኛ ክፍል ማብቂያ ጀምሮ ማታና ቅዳሜ «ጁኩ» ይገባሉ፤ የማጠናከሪያ ትምህርት ቤት ነው፣ ግን እኛ አገር ከምናውቀው ቱቶሪያል ጋር አታወዳድሩት። ራት በምሳ ዕቃ ይዞ ሄዶ ሌሊት ሊሆን ሲል የሚመለስ ልጅ ባቡር ላይ ታያላችሁ።

ጂዩ ጋኩኤን፣ ኑሮው ራሱ ትምህርት የሆነበት

በዚህ ልጀምር፤ የርእሴ ምሳ ያለው እዚህ ነውና። ሃኒ ሞቶኮ በ1873 ሰሜን ጃፓን ሃቺኖሄ ተወለደች። የአገሯ የመጀመሪያዋ ሴት ጋዜጠኛ እየተባለች ትጠራለች። ከባሏ ከዮሺካዙ ጋር ሆና በ1903 የቤት እመቤቶች መጽሔት ጀመረች፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ የቤት ወጪ መመዝገቢያ ደብተር አሳተመች። ደብተሩ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንዲት ሴት የወሩን በጀት አስቀድማ ደልድላ፣ ለሽሮው ለዘይቱ ያወጣችውን በየቀኑ ጽፋ፣ ወሩ ሲያልቅ ከበጀቷ ጋር የምታስተያይበት ነው። ሃኒ ቤቱን በራሱ የሚያስብ ተቋም አድርጋ ነበር የምታየው፤ ትምህርት ቤቱም የዚያ ደብተር ልጅ ነው።

በሚያዝያ 1921 በቶኪዮ፣ ኢኬቡኩሮ አጠገብ፣ በ26 ሴት ልጆች ተከፈተ። ስሙ ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 የተወሰደ ነው፤ «እውነትም አርነት ያወጣችኋል»። «ጂዩ» ማለት ያ አርነት ነው። ሕንጻውን የነደፈው በዚያን ጊዜ የቶኪዮውን ኢምፔሪያል ሆቴል ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ፍራንክ ሎይድ ራይት ነው፤ ረዳቱ ኤንዶ አራታ ከሃኒ ቤተሰብ ጋር ያስተዋወቀው። ገንዘብ ስላልነበረ በመስኮቶቹ ላይ ውድ ባለቀለም መስታወት አልገባም፤ ቀጫጭን እንጨት በማዕዘን በማዕዘኑ ተገጥሞ ያንኑ ውበት ሰጠ። ልብ በሉ፤ የሕንጻው እምብርት ላይ የተቀመጠው የመመገቢያ አዳራሹ ነው። ተማሪዎቹ በተራ በተራ በጀቱን አስልተው፣ ገዝተው፣ አብስለው ለትምህርት ቤቱ በሙሉ ትኩስ ምሳ ያቀርቡ ነበርና። ሕንጻው ከ1997 ጀምሮ የአገር ቅርስ ነው፤ ለጎብኚ ክፍት ስለሆነ ከልጆቻችሁ ጋር ገብታችሁ ሻይ ጠጡበት። ትምህርት ቤቱ ራሱ ግን በ1934 ወደ ሚናሚሳዋ፣ ዛሬ ሂጋሺኩሩሜ ከተማ ወደሚባለው ዛፍ የበዛበት ሰፊ ግቢ ሄዷል።

በ1935 የወንዶች ክፍል ተከፈተ። ወንዶቹም ከሥራው አላመለጡም፤ ሲገቡ የሚቀመጡበትን ወንበርና የሚጽፉበትን ጠረጴዛ አናጢ ሆነው ራሳቸው መሥራት ነበረባቸው። በጦርነቱ ጊዜ «ነጻነት» የሚለው ቃል ራሱ የጠላት ቃል ተደርጎ ይታይ ስለነበር ስሙን እንዲቀይሩ ግፊት ቢመጣም አልቀየሩም። ሴቱና ወንዱ ክፍል ለብቻ ለብቻ ብዙ ዘመን ከቆየ በኋላ በ2024 አንድ ላይ መማር ጀመሩ።

መፈክራቸው «እያሰቡ፣ እየኖሩ፣ እየጸለዩ» ነው። መሐሉን ቃል እዩልኝ። እኛ ቤት «አንተ ብቻ ተማር፣ ሌላውን እኛ እንችለዋለን» ብለን የምናሳድገው ልጅ አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ነው። እዚህ ትምህርት ቤት ቢገባ የመጀመሪያው ዓመት ይከብደዋል። ለእኔ እንደውም የሚማርከኝ ይኸው ነው። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ለዩኒቨርሲቲ ፈተና የሚያሯሩጥ ቤት አይደለም። ሁለተኛ፣ ከከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ በላይ ያለው የራሱ የትምህርት ክፍል በመንግሥት ሕግ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የተመዘገበ አይደለም፤ ዲግሪ የምትፈልጉ ከሆነ ልጁ በሌላ በር መውጣት አለበት። ይህን ትምህርት ቤቱ ለወላጆች በሚሰጠው ገለጻ ላይ ፊት ለፊት ጠይቁ።

ኬዮ፣ ራስን መቻል እና የተያዘ ወንበር

ፉኩዛዋ ዩኪቺን ጃፓን የኖረ ሰው ሁሉ በኪሱ ይዞት ዞሯል፤ ከ1984 እስከ 2024 የ10,000 የን ኖት ላይ የነበረው ፊት የእሱ ነው። በ1858 የሆላንድ ቋንቋ ማስተማሪያ አድርጎ የጀመረውን ቤት በ1868 «ኬዮ ጊጁኩ» አለው። በዚያው ዓመት ቶኪዮ ውስጥ ኡዌኖ ላይ የሾጉኑ፣ ማለትም የቀድሞው ወታደራዊ ገዥ፣ ደጋፊዎችና አዲሱ መንግሥት ሲታኮሱ ከተማው ሲሸሽ፣ ፉኩዛዋ የመድፉ ድምፅ እየተሰማ የኢኮኖሚክስ ትምህርቱን ሳያቋርጥ አስተማረ። ኬዮ ዛሬም በየዓመቱ ሜይ 15 ለዚያ ቀን መታሰቢያ ንግግር ያዘጋጃል።

ሐሳቡ «ዶኩሪትሱ ጂሶን» ነው፤ በራስ መቆምና ራስን ማክበር። የሚዳሰሰው ምን ሆነ? ማስታወቂያ ሰሌዳውን እዩ። የትኛውም መምህርና ፕሮፌሰር ስም መጨረሻ ላይ የሚጻፈው «ኩን» ነው፤ ለእኩያ ወይም ለታናሽ የሚባል ቅጥያ። በልማዱ «ሴንሴይ»፣ መምህር ማለት ነው፣ ለመባል የሚበቃው ፉኩዛዋ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ እየተማረ የሚያስተምር፣ እያስተማረ የሚማር ነው ተብሎ ይታሰባል። ጋሼ እና እትዬ እያልን ላደግን ሰዎች ትንሽ ያስደነግጣል።

ሌላው የሚዳሰሰው ነገር በ2023 ዓለም ያየው ነው። ኮሺዬን የሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ቤዝቦል ውድድር ላይ የሚመጡ ልጆች ጭንቅላታቸውን መላጨት እንደ ደንብ ነበር። የኬዮ ልጆች ፀጉራቸውን አሳድገው፣ እየሳቁ ተጫውተው ዋንጫውን በ107 ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰዱ። አሠልጣኙ የኬዮ አንደኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ቀን ሕፃናት ያስተምራል። አንዳንድ ሽማግሌ ተመልካች ተናደደ። እኔ ቡና እያፈላሁ አጨበጨብኩ።

ነገር ግን አንድ የማይገጥም ነገር አለ፤ ማንም ብሮሹር አይጽፈውም። በራስ መቆምን የሚሰብከው ትምህርት ቤት ልጁን አንዴ ካስገባ በኋላ እስከ ዩኒቨርሲቲ ወንበር ይይዝለታል። ከኬዮ ሁለተኛ ደረጃዎች የሚጨርስ ተማሪ ከሞላ ጎደል በሙሉ ያለ መግቢያ ፈተና ወደ ኬዮ ዩኒቨርሲቲ ያልፋል። ጃፓኖች እንዲህ ያለውን ትምህርት ቤት «ኤስካሌተር» ይሉታል። ቆመው የሚወጡበት ደረጃ ማለት ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ልጁ ከ15 እስከ 18 ያለውን ዕድሜ ለቲያትር፣ ለጀልባ ቀዘፋ፣ ለምርምር ይሰጠዋል። ጉዳቱም ግልጽ ነው፤ ራሱን የማይገፋ ልጅ ይተኛል። ውጤቱ ከወረደ ደግሞ ክፍል ያስደግሙታል፤ በጃፓን ይህ የተለመደ አይደለም።

አዛቡና ጆሺ ጋኩኢን፣ ደንብ የሌለበት ቤት

አዛቡ የወንዶች ነው፤ ጆሺ ጋኩኢን የሴቶች። ሁለቱም ቶኪዮ መሐል ናቸው፣ ሁለቱም የደንብ ልብስ አያስገድዱም፣ ሁለቱም ለመግባት እጅግ ከባድ ናቸው። አንድ ላይ የማነሣቸው ነጻነታቸው ከተለያየ ምንጭ ስለሚቀዳ ነው።

የአዛቡ መሥራች ኤባራ ሶሮኩ በ1868 ጦርነት ከተሸናፊው ከሾጉኑ ወገን የተዋጋ ሰው ነው። ኋላ ክርስቲያን ሆነ፣ የፓርላማ አባል ሆነ፤ በ1895 ከካናዳ ሜቶዲስቶች ትምህርት ቤት ውስጥ አዛቡን አወጣ። ተሸናፊ የመሠረተው ቤት መሆኑ አይገርመኝም፤ መንግሥት የሰጠው ደንብ ሁሉ ትክክል ነው ብሎ የሚያምን ሰው አይመስልም። የዛሬው ነጻነቱ ግን ከኤባራ በቀጥታ የወረደ አይደለም። በ1970 የመጣ ተጠባባቂ ርእሰ መምህር በኃይል ሊገዛ ሞከረ፤ ተማሪው አመጸ፤ በ1971 መጸው በትምህርት ቤቱ የበዓል ቀን ላይ አድማ በታኝ ፖሊስ ግቢው ገባ፤ ትምህርት ቤቱ ከወር በላይ ተዘጋ። ሰውየው በኅዳር ለቀቀ፤ የትምህርት ቤቱን ገንዘብ ማጉደሉም ወጣ። ከዚያ ወዲህ ደንብ ጽፎ ልጆች ላይ ለመጫን የደፈረ የለም። ተማሪዎች እየሳቁ የሚነግሯችሁ ሦስት ያልተጻፉ ክልከላዎች አሉ፦ ግቢ ውስጥ ማጆንግ አትጫወት፣ በብረት ነጠላ ጫማ አትሂድ፣ ክፍል ውስጥ እያለህ ምግብ አታዝዝ።

የጆሺ ጋኩኢን ነገር ሌላ ነው። ሥሩ በ1870 የፕሮቴስታንት ሚሲዮን የከፈተው ቤት ነው። የመጀመሪያዋ ኃላፊ ያጂማ ካጂኮ ለልጆቹ መጽሐፍ ቅዱስ አላችሁ፣ ራሳችሁን በራሳችሁ ግዙ ትል ነበር ይባላል። ዛሬም ደንቡ በጣት የሚቆጠር ነው። ልዩነቱን አስተውሉ፤ አዛቡ ነጻነቱን ታግሎ ያገኘው ነው፣ ጆሺ ጋኩኢን በእምነት የተቀበለው። ወንድ ልጃችሁ ተከራካሪ ከሆነ አዛቡ ይመቸዋል። ሴት ልጃችሁ ጸጥ ብላ የራሷን የምትሠራ ከሆነች ጆሺ ጋኩኢን።

የፈተናው ጥያቄ ስለ ቤቱ ብዙ ይናገራል። በ2013 የአዛቡ የሳይንስ መግቢያ ፈተና ስለ ዶራኤሞን ጠየቀ፤ ልጆች ሁሉ የሚያውቁት ሰማያዊው ሮቦት ድመት። መጀመሪያ ፈተናው ራሱ ሕይወት ያለው ነገር በምን እንደሚለይ በጽሑፉ ያብራራል፤ ከዚያ፣ ከመጪው ዘመን የመጣ ይህን ያህል የረቀቀ ሮቦት ቢሆንም ሕያው ነው የማይባለው ለምንድን ነው? አስረዳ። በቃ። ምርጫ የለው፣ ቀመር የለው። የራሱን ዓይነት እንደማይወልድና እንደማያባዛ አስቦ በራሱ ቃል የጻፈ አለፈ። ሌላው የወንዶች ትምህርት ቤት ሙሳሺ፣ በ1922 የባቡር ባለሀብቱ ኔዙ ካይቺሮ ያቋቋመው፣ ለተፈታኙ ፖስታ ውስጥ ማግኔት ወይም ብሎን ያለ ነገር ይሰጠዋል፤ አገላብጠህ እይና ያየኸውን ጻፍ ይለዋል። ዕቃውን ልጁ ይዞት ወደ ቤት ስለሚሄድ «የስጦታ ጥያቄ» ይሉታል።

ይህንን አይቼ ተደስቼ ልጄን ለአንድ ወር የቤት ውስጥ ብሎን አስመረመርኳት። ግን አትታለሉ፤ እነዚህን ነጻ ትምህርት ቤቶች ለመግባት የሚያልፉበት መንገድ ያው ነጻነት የሌለበት የጁኩ መንገድ ነው። ልጁ ነጻነቱን የሚያገኘው ሦስት ዓመት ከከፈለበት በኋላ ነው። ይህን የማይችል ልጅ አለ፤ ጥፋት አይደለም።

ናዳ፣ ዶሺሻ፣ ኪኖኩኒ

ከቶኪዮ ውጭ ላላችሁ ሦስት ልጨምር።

ናዳ ኮቤ ነው፤ የወንዶች። በ1927 የመሠረቱት ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ የሚጠምቁ የአካባቢው ሰዎች ናቸው፤ አማካሪ ያደረጉት ዘመዳቸውን የጁዶውን አባት ካኖ ጂጎሮን ነው። የትምህርት ቤቱ መፈክር የጁዶው መፈክር ነው፤ ጉልበትህን ለበጎ ተጠቀም፣ አንተም ሌላውም አብራችሁ እደጉ። ሰው ናዳን የሚያውቀው በሕክምናና በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ቅበላ ነው፤ በ1968 ከግል ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያው ሆኖ ወደ ቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ልጅ በማስገባት አንደኛ ወጥቷል። እኔ የማነሣው ግን ሃሺሞቶ ታኬሺ የሚባለውን የጃፓንኛ መምህር ነው። መለስተኛውን ሦስት ዓመት ያስተማረው በአንድ ቀጭን ልብ ወለድ ብቻ ነበር። ባለታሪኩ ከረሜላ ሲበላ ክፍሉ ያንኑ ከረሜላ ይበላል፤ ካይት ሲያበር ልጆቹ ሠርተው ያበራሉ። አንድ ቃል ይዟቸው ሌላ አገር ይሄዳል። ይህ የሚቻለው ናዳ ውስጥ አንድ የመምህራን ቡድን አንድን የተማሪ ትውልድ ስድስቱንም ዓመት ይዞ ስለሚወጣ ነው፤ ሌላ መምህር መጥቶ «ለምን አልጨረስክም» አይለውም። በ98 ዓመቱ በ2011 ተጠርቶ እንደገና ክፍል ገብቶ አስተምሯል። ትምህርት ቤት ስትመርጡ መምህሩ ከልጁ ጋር ስንት ዓመት እንደሚቆይ ጠይቁ፤ ከቅበላ ሠንጠረዡ ይበልጣል።

ዶሺሻ ኪዮቶ ነው። ኒጂማ ጆ በ1864 ከአገር መውጣት በሞት በሚያስቀጣበት ዘመን ከሃኮዳቴ በመርከብ ተደብቆ አሜሪካ ገባ፤ አምኸርስት ኮሌጅ ተምሮ ተመለሰና በ1875 በስምንት ተማሪና በሁለት መምህር ጀመረ። በ1880 ሁለት ክፍሎች እንዲቀላቀሉ ሲወሰን ተማሪዎች አድማ መቱ። ኒጂማ የጠዋት ጸሎት ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው አለና በከዘራው የገዛ መዳፉን ይመታ ጀመር፤ ከዘራው እስኪሰበር። ስብርባሪው ዛሬም ተቀምጧል። የዶሺሻ ቃል «ሕሊና» ነው፤ ጠዋት ጸሎት አለ፣ አብዛኛው ተማሪ ወደ ዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ ያልፋል። ከኬዮ ጋር የምታወዳድሩ ከሆነ፣ ሁለቱም ኤስካሌተር ናቸው፤ አንዱ ግን ጸሎት ቤት አለው።

ኪኖኩኒ ለየት ይላል። በ1992 ሆሪ ሺንኢቺሮ በዋካያማ ተራራ ሥር፣ ሃሺሞቶ ከተማ ከፈተው፤ መለስተኛው ሁለተኛ ደረጃ በ1994 ተጨመረ። በእድሜ የተከፈለ ክፍል የለም፣ የቤት ሥራ የለም፣ በቁጥር የሚሰጥ ውጤት የለም። ልጆች በአናጢነት፣ በእርሻ፣ በምግብ ቤት ሥራ ዙሪያ ሒሳቡንም ታሪኩንም ይማራሉ። ስብሰባ ላይ የአዋቂው ድምፅም የልጁም ድምፅ አንድ ነው፤ «ሴንሴይ» የሚባል የለም። አብዛኛው ልጅ አዳሪ ሆኖ ለሳምንት መጨረሻ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ወላጅ ሆኜ እውነቱን ልናገር፤ ሐሳቡን እወደዋለሁ፣ የልጄን የሪፖርት ካርድ ሳላይ ግን እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም። ችግሩ የእኔ ነው።

ለእኛ ልጆች የሚለዩ ነገሮች

ሹሩባ። የጃፓን ትምህርት ቤት ደንብ ፀጉር ላይ ጥብቅ ነው፤ ቀጥ ያለ ጥቁር ፀጉርን ይዞ የተጻፈ ነው። ኦሳካ ውስጥ አንዲት የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ፀጉሬ በተፈጥሮው ቡናማ ሆኖ ሳለ ጥቁር እንድቀባ ተገደድኩ ብላ በ2017 ከሰሰች፤ በ2021 ፍርድ ቤት 330,000 የን ካሣ ፈረደላት፤ ግን ካሣው ወንበሯንና ስሟን ከክፍል ስላነሡ ነው፣ የፀጉሩን ደንብ ሕገ ወጥ አላለውም። የቶኪዮ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃዎች ከ2022 ጀምሮ ፀጉርን ጥቁር ማስቀባትን ጨምሮ አምስት ደንቦችን ሰርዘዋል። የግል ትምህርት ቤት ግን የራሱ ጌታ ነው። ስሙን በማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት ገለጻ ላይ ሹሩባ ይፈቀዳል ወይ ብዬ ስጠይቅ፣ ሰውየው ፈገግ ብሎ ፀጉር ቤት ገብታ ብታስተካክለው ምን ይላል አለኝ። ብሮሹሩ ላይ «ልዩ ልዩነትን እናከብራለን» ተብሎ ነበር የተጻፈው። አልተመለስኩም።

ቋንቋ። ልጃችሁ በቅርቡ ከአዲስ አበባ ወይም ከሌላ አገር መጥቶ ጃፓንኛው ገና ከሆነ፣ ከላይ ካሉት ይልቅ ከውጭ ለሚመለሱ ልጆች የተቋቋሙትን እዩ። ቶኪዮ ውስጥ በ1978 የተከፈተው የአይ ሲ ዩ (ኢንተርናሽናል ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ) ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ፣ ኪዮቶ አጠገብ ደግሞ በ1980 የተከፈተው ዶሺሻ ኢንተርናሽናል ሁለቱም ከተማሪያቸው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከውጭ የተመለሰ ነው።

ገንዘብ። የትምህርት ሚኒስቴር በ2021 ባደረገው ጥናት፣ አንድ ልጅ በግል መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ሲማር ጁኩን ጨምሮ በዓመት 1.43 ሚሊዮን የን ገደማ ያስወጣል፤ በመንግሥት ግማሹንም አይሞላ። ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ትንሽ ይቀላል፤ ቶኪዮ ለግል ትምህርት ቤት በምትሰጠው የክፍያ ድጎማ ላይ የነበረውን የገቢ ጣሪያ ከ2024 ጀምሮ ሰርዛለች። የሚያደክመው የመጀመሪያው ሦስት ዓመት ነው።

ቀን። ቶኪዮ ውስጥ ፌብሩዋሪ 1 ያልታወጀ ብሔራዊ በዓል ነው። ካይሴይ፣ አዛቡ፣ ሙሳሺ ሁሉም በዚያው ቀን ይፈትናሉ፤ ስለዚህ ሦስቱን መሞከር አይቻልም፣ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ካይሴይን እስካሁን ያላነሣሁት ለዚህ ነበር፤ ከ1982 ጀምሮ በየዓመቱ ወደ ቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ልጅ በማስገባት አንደኛ ነው፣ ስሙን ሁሉም ያውቃል፣ የእኔ ጽሑፍ አያስፈልገውም። ፌብሩዋሪ 1 እሑድ ሲውል ደግሞ፣ እንደ 2015 እና እንደ 2026፣ ጆሺ ጋኩኢንን የመሳሰሉ የፕሮቴስታንት ትምህርት ቤቶች ሰንበት ነው ብለው ፈተናቸውን ወደ 2 ያዛውራሉ። የከተማው የቤተሰብ ዕቅድ ሁሉ ይናወጣል፤ ጋዜጦች «ሳንዴይ ሾክ» ይሉታል። ገበያው ሲገፋቸው አለመንቀሳቀሳቸው ለእኔ ከየትኛውም መፈክር ይበልጥ አሳምኖኛል። በ1899 መንግሥት ዕውቅና ባለው ትምህርት ቤት ሃይማኖት እንዳይሰጥ ሲያዝ፣ አዮያማ ጋኩኢንና ሜይጂ ጋኩኢን የመለስተኛ ደረጃ ዕውቅናውንና ከወታደርነት የማዘግየት መብቱን ትተው ጸሎታቸውን ይዘው ነበር። ያ ልማድ ነው ዛሬም ቀን የሚያዛውረው።

ገለጻ ላይ ስትሄዱ ርእሰ መምህሩ የሚናገረውን ስሙ፣ ግን መልስ የምትፈልጉበት ጥያቄ ካላችሁ ለተማሪ አቅርቡ። የመጸው በዓላቸው ላይ ልጆቹ ራሳቸው በር ላይ ቆመው እንግዳ ይቀበላሉ፤ ያ ቀን ይሻላል። ባለፈው ጥቅምት በአንዱ በር ላይ ስማችን የተጻፈበትን ካርድ የሰጠችን የ14 ዓመት ልጅ ነበረች። ያንኑ የሹሩባ ጥያቄ ጠየቅኳት። የልጄን ፀጉር ጥሩ አድርጋ አየችና፣ «እስካሁን ማንም አልጠየቀም፤ ሐሙስ የተማሪዎች ስብሰባ ስላለ አነሣዋለሁ» አለች። መምህሯ አጠገቧ ቆማ ነበር። ምንም ሳትል፣ ልጅቷ መልሳ እስክትጨርስ ቆማ ጠበቀች። ማመልከቻው ላይ የመጀመሪያው መስመር ያንን ትምህርት ቤት ጻፍንበት።